ጆሮ ቁጥር ዘጠና አንድ

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጣና ሐይቅ ላይ ያለችው የዶቅማ ደሴት ጉጉት እንደ ዓይን ብሌን የሚታይባት ምድር ነበረች። ዳቦው ላይ ጉጉት ይታተማል። የአግዳሚው መደገፊያ የጉጉት ክንፍ ነው። የወደቡ ዘበኞች ቆብ ሁለት የጠጉር ጆሮ አለው፤ በሐምሌ ዝናብ ሲርስ ጆሮዎቹ ወደ ታች ይለጠፉና ዘበኞቹ የተገረፈ ውሻ ይመስላሉ። በጀልባ የሚመጡትን የትምህርት ቤት ልጆች ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ የካርቶን ጭምብል ያጠልቁላቸዋል፣ «ጉጉታችን ኩራታችን» ያሰኟቸዋል፣ ምሳ ያበሏቸዋል፣ ይመልሷቸዋል።

ጉጉት የምትባለውን ወፍ በዓይኑ ያየ ሰው ግን ከጉጉት ጽሕፈት ቤት መቶ ስድሳ ሠራተኞች መካከል አንድ ብቻ ነበር። እሷም ስሟ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጆሮ ጠራጊዋ አንጓች ናት።

ጆሮ የሚባለው በየዛፉና በየምሰሶው ላይ የተሰቀለ፣ ከእንቁላል የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። በደሴቲቱ ላይ ዘጠና ስድስት አሉ። ቀንም ሌሊትም ያዳምጣሉ፤ የሰሙትን ለቆጣሪው ይነግሩታል። ቆጣሪው ጉጉት የሆነውን ጉጉት ካልሆነው ይለይና ቁጥሩን ወደቡ ላይ በተተከለው ትልቅ ሰሌዳ ያሳያል። ለሰው የቀረለት ሥራ ጆሮዎቹን መጥረግ ነው። ሸረሪት ያደራባቸዋል፣ ጉንዳን ይሰፍርባቸዋል፣ ጦጣ ይልሳቸዋል። አንጓች ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጎህ ሲቀድ መሰላሏን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ጨርቋን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ትወጣና ከአንድ እስከ ዘጠና ስድስት ትወለውላለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ክንዷ ላይ የታሰረችው ማዘዣ የቱ ጆሮ ምን እንደነካው እየጮኸች፣ በጽሑፍም እያሳየች ትነግራታለች። ጆሮ ሰባት ሸረሪት፣ ጆሮ ሠላሳ የዳቦ ፍርፋሪ ትላለች።

በዚያ ሰሞን ሰሌዳው አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ከእነዚህ ጉጉቶች ሦስት መቶ ዘጠናዎቹ የሚኖሩት ወደቡ ላይ ነው። ወደቡ ደግሞ ሲሚንቶ ነው፤ የጀልባ ማሰሪያ፣ ሁለት ምግብ ቤትና አንድ የባንዲራ ምሰሶ አለው። ሦስት መቶ ዘጠና ጉጉት በአንድ የባንዲራ ምሰሶ ላይ እንዴት ተደራርቦ እንደሚያድር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሕጉ በተቆጠረ ጉጉት ዙሪያ አምስት መቶ እርምጃ ድረስ ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ስለዚህ በወደቡ ዙሪያ ዛፍ መቁረጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው። በወደቡ ዙሪያ ዛፍ የለም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ዓይናቸውን በጨው ታጥበው በየዓመቱ ይሸለሙበታል።

ሕጉ ሌላም አንቀጽ ነበረው። ጆሮዎቹ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጉጉት ያልሰሙበት ጫካ «ነፃ ቦታ» ይባላል፤ ነፃ ቦታ ላይ ደግሞ ስለ ጉጉት የሚያስተምር ነገር ይሠራል። የምሥራቁ ጫካ በዚህ መንገድ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። መካከለኛው ጫካ ክንፋቸው በሽቦ የሚርገበገብ ጉጉቶች የሚታዩበት ቤተ መዘክር ሆነ። በደቡብ በኩል የነበረው ደግሞ የጫካ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚያርፉበት ቤት ሆኗል፣ ከነመዋኛው። ጫካው ባነሰ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለው አኃዝ ይጨምራል። ጽሕፈት ቤቱ ይህን «የጥበቃችን ፍሬ» ይለዋል። አንጓች ሌላ ስም አውጥታለታለች፤ ለልጆች ጆሮ የሚሆን ስላልሆነ እዚህ አይጻፍም።

የቀረው የምዕራብ ጥግ ብቻ ነበር። ሠላሳ አራት ያረጁ የዶቅማ ዛፎች፣ ጥቂት ዋንዛና ከሥራቸው የደንገል ረግረግ። የሁሉም ታላቅ በሆነው ዶቅማ ግንድ ላይ፣ ከጆሮ ቁጥር ዘጠና አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጎድጓዳ ቀዳዳ አለ። ውስጡ ሁለት ጉጉቶች ይኖራሉ። ቡናማ ናቸው፤ ቁመታቸው ከጣሳ አይበልጥም፤ ዓይናቸው ግን ለራሳቸው ተርፎ ለሌላ ወፍ ይበቃል። አንጓች መሰላሏ ላይ ስትወጣ እናቲቱ ጉጉት አንድ ዓይኗን ትከፍታለች፣ ታያታለች፣ ከቁብ ሳትቆጥራት መልሳ ትጨፍነዋለች። አንጓች ይህን ንቀት ትወድላት ነበር። በዚህች ደሴት ላይ ለመናቅ መብት ያላት እሷ ብቻ ናት ትል ነበር።

የእነዚህ ጉጉቶች ድምፅ ያምራል ብሎ የሚምል የለም። ማጠፊያው የዛገ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ሲጢጥጥ ይላሉ። ስለዚህ ማዘዣዋ በየጠዋቱ አንድ ነገር ትላለች፦ «ጆሮ ዘጠና አንድ፦ ሁለት የዛጉ በሮች። ዘይት ይቀቡ።» በጫካ መካከል በር ምን ይሠራል ያለ የለም። አንጓች ለበሮቹ ተብሎ የተሰጣትን ዘይት ከኪሷ ታወጣና እጇን ትቀባበታለች፤ መሰላሉ መዳፏን ስለሚሰነጣጥቀው።

ቆጣሪው ለምን እንደደነቆረ የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች። ነገሩ የተጀመረው በራሷ ቤት ነውና።

አባቷ ቢያድግልኝ ደንገል እያጨደ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነበር። በዶቅማ ደሴት ጉም ሐይቁ ላይ ሲወርድ ታንኳ ቀዛፊዎች በድምፅ ይፈላለጋሉ፦ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁ፣ ሁ፣ ሁዉዉ። ይህን የሰማ ሰው መመለስ አለበት። እየበላ ቢሆን ጉርሻውን ያስቀምጣል፤ ከጠሪው ጋር የተኳረፈ ቢሆን ኩርፊያውን ያስቀምጣል፤ ይመልሳል። ያልተመለሰለት ሰው አቅጣጫው ጠፍቶት ሊሰጥም ይችላል። ደሴቲቱ ብዙ ነገር ረስታለች፤ ይህን ግን አልረሳችም። የዛሬዎቹ የሞተር ጀልባ ነጂዎች ጉም ኖረም አልኖረም ከጠዋት እስከ ማታ ሲጠራሩ ይውላሉ።

አንጓች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሦስት ሰዎች ሳጥን ተሸክመው መጡ። የጉጉቷን ድምፅ ቀርጸን ለዓለም ልናሰማ ነው አሉ። ስድስት ቀን ተቀመጡ። ጉጉቶቹ ግን የእንግዶቹ የመብራት ሞተር ሲንደቀደቅ ጊዜ ጭጭ አሉ። በስድስተኛው ቀን እንግዶቹ ፊታቸው ጠቁሮ ሳጥናቸውን ሲያስሩ የቢያድግልኝ አንጀት አልችል አለ። ቤቱ የሰነበተ እንግዳ ባዶ እጁን ሲሄድ ማየት ለእሱ ሞት ነው። እውነተኛውን የጉጉት ጩኸት በአፉ አስመስሎ እንዳይሰጣቸው ደግሞ የደሴቲቱ ሰው ያን አያደርግም። የጉጉት ጩኸት ወደ ቤት ሲገባ ለቅሶ ይዞ ይገባል ይባላልና፣ ለእንግዳ እሱን ማሸከም ክፋት ነው። ቢያድግልኝ ሁለቱንም አሰበ። ከቁጥቋጦ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠና በጉም ጊዜ የሚጠሩትን ጥሪ አሰማቸው። ጉጉታችን እንዲህ ነው የምትለው አላቸው። እንግዶቹ በደስታ አቅፈው ሳሙት፤ ቆብ ሸለሙት። ቆጣሪው የተወለደው ከዚያች ድምፅ ነው።

ቢያድግልኝ ነገሩ የገባው ከዓመታት በኋላ፣ ሰሌዳው ወደቡ ላይ ቆሞ አንድ ጀልባ ነጂ በጠራ ቁጥር አኃዙ ከፍ ሲል ያየ ቀን ነበር። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲያ በጥሪው አልጠራም፤ ጉም ሲወርድ ታንኳው ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። አንጓችም እሱን ከቀበረች ጀምሮ ያ ጥሪ ከአፏ አልወጣም። ስለሚያሳፍራት ነው።

በሚያዝያ መጀመሪያ ማዘዣዋ ሌላ ነገር አለች። የምዕራብ ጥግ ሦስተኛ ዓመቱን በዜሮ ስለጨረሰ ነፃ ሆኗል፤ በመጪው ቅዳሜ የሕፃናት የጉጉት መንደር ግንባታ በዚያ ይጀመራል፤ ጆሮ ጠራጊዋ ከዘጠና እስከ ዘጠና ስድስት ያሉትን ጆሮዎች ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አውርዳ ታስረክብ። አንጓች ይህን ያነበበችው መሰላሏ ላይ ቆማ ነው። ቀዳዳው ውስጥ፣ በእናቲቱ ክንፍ ሥር፣ ከሦስት ቀን በፊት የተፈለፈለ ነጭ ጥጥ የመሰለ ጫጩት አለ። ገና ዓይኑን አልገለጠም። ድምፅም የለውም።

በዚያው ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ያፌት ዘንድ ሄደች። ያፌት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጽሕፈት ቤቱን ሲመራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት አንድም ቀን ወደ ምዕራብ ጥግ አልሄደም። ጫማው ጭቃ አይወድም። ተነስቶ ወንበር ሳበላት። እንዲህ ዓይነት ትሕትና ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር ነው።

እዚያ ጉጉቶች አሉ፣ ከነጫጩታቸው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለችው። እሱም የዓይን ምስክርነት ከሁለት ሺህ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እንደማይመዘገብ፣ ሰው እንደሚሳሳትና እንደሚዋሽ፣ ይህም ለእሷም ለጉጉቷም ጥበቃ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳት። ከመቀነቷ አንድ ላባና ጉጉቶቹ የሚተፉትን የአይጥ አጥንትና ጠጉር ድብልብል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሻዩን ከአጠገቡ አራቀ።

ያኔ ለባዕድ ሰው ተናግራው የማታውቀውን የአባቷን ነገር ነገረችው። ቆቡንም፣ ጉሙንም፣ ቁጥቋጦውንም። ያፌት አገጩን በእጁ ደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ዓይኑ ውኃ አቀረረ።

«እንዴት ደስ የሚል አፈ ታሪክ ነው፣ እትዬ አንጓች» አላት። «ቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይ ብናስጽፈው ልጆቹ ይወዱታል።»

አንጓች ደሟ ፈላ። እንግዲያውስ ራስዎ ይስሙ ብላ ጆሮ ዘጠና አንድ በማለዳ የያዘውን ድምፅ እንዲከፍት ጠየቀችው። ከፈተው። ሲጢጥጥ አለ። ቆጣሪውም ወዲያው «የዛገ በር» ሲል መለሰ። ያፌት ከልቡ ሳቀ። ከሳቀም በኋላ ይህ በር ለምን እስከ ዛሬ ዘይት እንዳልተቀባ ጠየቃትና በሥራ ቸልተኝነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት።

ልትወጣ ስትል ግን እሱው ቀድሞ በሩን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው አይንገሩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጉጉት አለን። ይህን ቁጥር የሚያወርድ ሰው በዚህች ደሴት ላይ ሥራ አይኖረውም።»

እንዳመናት የገባት ያኔ ነው። ቂል መስሏት ነበር የገባችው፤ አውቆ አጥፊ ሆኖ አገኘችው። ቂል ቢሆን ኖሮ ታዝንለት ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብላ የጽሕፈት ቤቱን ክንፍ የተሳለበት በር አየችና ምራቋን እንትፍ አለች።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምዕራብ ጥግ እሱን አይቶ በማያውቅ ሕዝብ ተሞላ። ድንኳን ተተክሏል። ረግረጉ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሰባት የሞተር ጀልባዎች ከሥሩ ባለው ወሽመጥ ውስጥ፣ ንግግሩን እንዳይረብሹ እንዳይጠራሩ ታዘው፣ እንግዶቹን ለመመለስ ይጠብቃሉ። ስልሳ ልጆች ስልሳ ጭምብል አጥልቀው በሦስት ረድፍ ቆመዋል። የክብር እንግዳዋ ከባሕር ማዶ የመጣች ጠና ያለች ሴት ናት፤ በእጇ ያለውን አበባ የት እንደምታኖረው ጨንቋታል። ታላቁ ዶቅማ ወገቡ ላይ እንደ ሙሽራ ሪባን ታስሮለታል፤ ከአጠገቡ ባለ መጋዙ ሰው ብርቱካናማ መጋዙን ደግፎ ቆሟል። የምዕራብ ጥግን ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሰሌዳም ለጌጥ ቆሟል፦ ዜሮ።

አንጓች ለክብር እንግዳዋ በጆሮዋ አንድ ቃል ልነግራት እችላለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ባለ ጠጉር ጆሮዎቹ ዘበኞች ሁለት ጊዜ መለሷት። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር መሰላሏን ቀሟት።

ያፌት ንግግር አደረገ። ስለ ጉጉት ያለንን ፍቅር ተናገረ፣ ስለ መጪው ትውልድ ተናገረ፣ ይህን ጫካ ለጉጉቷ ሲባል ለመሠዋት መቁረጣችን ታሪክ የሚያስታውሰው ነው አለ። ሰዎች አጨበጨቡ። ካጨበጨቡት ውስጥ ያለውን ነገር ልብ ያለ አልነበረም፤ ወይም ልብ ያለውም አጨብጭቧል፤ ሁለቱም ያው ናቸው።

ጭብጨባው ሲበርድ፣ ፀሐይ ከደንገሉ ጀርባ ዝቅ ስትል፣ እናቲቱ ጉጉት በሰዓቷ ጠራች። ሲጢጥጥ።

የደሴቲቱ ሽማግሌዎች አማተቡ። ሰሌዳው ላይ «የዛገ በር፦ አንድ» የሚል ጽሑፍ ወጣና ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የክብር እንግዳዋ በሩ የት አለ ብላ ጠየቀች። ያፌት የድሮ ጎጆ ሳይኖር አይቀርም፣ እሱም አብሮ ይነሳል አላት። ከመጀመሪያው ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ ጭምብሏን ወደ ግንባሯ ገፍታ ሽቅብ ወደ ዶቅማው አፍጥጣ ነበር።

«በሩ ዓይን አለው» አለች።

መምህሯ ጭምብሉን መልሳ አጠለቀችላትና ቀጥ ብለሽ ቁሚ አለቻት። ያፌት ለባለ መጋዙ ሰው ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠ።

ሪባኑ ተበጠሰ። መጋዙ ቅርፊቱን ነክሶ ነጭ ብናኝ ሲረጭ ግንዱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተንቀጠቀጠ፤ ከቀዳዳው ውስጥ የደረቀ ቅጠልና ትንሽ ነጭ ላባ ወደቀ። አንጓች የምትናገረው እውነት ሁሉ በዚህ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። ላባው ዋጋ የለውም፤ ዓይኗ ዋጋ የለውም፤ ጉጉቷ ራሷ ጮኻ በር ተብላለች። እዚህ ቦታ ላይ የሚሰማው ውሸቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው በአፏ ውስጥ ነው። ዘበኛውን በክርኗ ገፍታ አለፈች። ከመጋዙ አጠገብ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ቆመች። ባለ መጋዙ ሰው ደንግጦ ፋታ ሲሰጣት፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ እንደ ጽዋ አድርጋ፣ በአባቷ ድምፅ ጠራች።

ሁ፣ ሁ፣ ሁዉዉ።

ሰሌዳው አንድ አለ።

መጋዙ እንደ ሕጉ የተሠራ መጋዝ ነው፤ የተቆጠረ ጉጉት አምስት መቶ እርምጃ ውስጥ ካለ አይሠራም። እዚያው ቀጥ አለ። ባለ መጋዙ ሰው አስነሳው፤ እምቢ አለ። ገለበጠው፣ መታው፤ እምቢ አለ። ያፌት አፉን ከፈተ፤ ከመናገሩ በፊት ግን ከወሽመጡ በኩል፣ ከጀልባዎቹ፣ መልስ መጣ። ነጂዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ምን እንዳለ አያዩም። አንድ ሰው በጥሪው ጠርቷል፤ የጠራ ሰው ይመለስለታል። አንደኛው መለሰ። ሁለተኛው መለሰ። አንዱ አፉ ሙሉ ዳቦ ስለነበር ዘግይቶ መለሰ። ሰሌዳው ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ አምስት አለ፣ ስምንት ላይ ቆመ።

የክብር እንግዳዋ አበባዋን ዘበኛው እጅ ላይ አስቀመጠች።

«የጮኸችው ይህቺ ሴትዮ አይደለችም እንዴ?» አለች።

ሁሉም ወደ ያፌት ዞረ። አንጓች ሃያ ሁለት ዓመት ጽሕፈት ቤቱን አንቱ ስትል ኖራለች፤ በዚያች ሰዓት አንቱታው ቀረ።

«በል ንገራቸው» አለችው። «ወይ እኔ ጉጉት ነኝ፤ ወይ ወደብህ ላይ አንድ ጉጉት የለም። አንዱን ምረጥ።»

ያፌት ሰሌዳውን አየ። የክብር እንግዳዋን አየ። ስድስት ዓመት የተሸለመባቸውን ጉጉቶች ሁሉ በሐሳቡ አየ፤ የጀልባ ሞተር እየነዱ፣ ዳቦ እየበሉ። ግንባሩ ላብ አወጣ። አንጓች ያን ላብ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም፤ ስታስታውሰው ደስ ይላታል፤ ደስ ስለሚላትም አታፍርም።

«ቆጣሪው አይሳሳትም» አለ ያፌት በመጨረሻ።

መቶ ስድሳው ሠራተኞች፣ ከአንዷ በስተቀር፣ አጨበጨቡ። የክብር እንግዳዋም ትንሽ ቆይታ አጨበጨበች፤ እጇ ለዚህ የለመደ ነው። በማግስቱ የወጣው መግለጫ በምዕራብ ጥግ ስምንት አዳዲስ ጉጉቶች መገኘታቸውን፣ የደሴቲቱ ጉጉቶች አራት መቶ ሃያ መድረሳቸውን፣ ይህም የጽሕፈት ቤቱ የማይታክት ጥረት ውጤት መሆኑን አስታወቀ። የሕፃናት የጉጉት መንደር ዛፍ ወደሌለበት ወደ ወደቡ ተዛወረ። በምዕራብ ጥግ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል የሚበጥስ ይታሰራል።

ያፌት አንጓችን በሰኞ ዕለት ሊያባርራት ነበር። ደብዳቤውም ተጽፏል፤ ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው። ማኅተም የሚያደርገው ራሱ ቆጣሪው ነው፤ ቆጣሪውም የአንጓችን ድምፅ ከአዲሷ ጉጉት ድምፅ ጋር አስተያይቶ ደብዳቤውን እንዲህ ሲል መለሰው። ጉጉት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ ሴት፣ መኖሪያዋ የምዕራብ ጥግ፤ የተቆጠረን ጉጉት ከመኖሪያው ማፈናቀል በእስር ያስቀጣል። ያፌት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው ይባላል።

እንዲህ ሆኖ አንጓች በሕግ ጉጉት ሆነች። ዝም ካለች ሦስት ዓመት ቆጥረው ጫካውን ነፃ ያወጡታልና በየቀኑ ሥራዋን ስትጨርስ ታላቁ ዶቅማ ሥር ቆማ አንድ ጊዜ ትጠራለች። መጋዙ የነከሰው ቦታ ሙጫ አውጥቶ ድኗል። በጠራች ቁጥር አፏን ይመራታል፤ ጠርታ ስትጨርስ እንትፍ ትላለች። ሐይቁ ላይ ያለ ሰው ግን ይመልስላታል፤ ይኼኛው ብቻ ውሸት አይደለም። አልፎ አልፎ የትምህርት ቤት ልጆች እስከዚያ ይመጡና ጉጉቷ አንቺ ነሽ ወይ ይሏታል። ጽሕፈት ቤቱ እንደሚለው አዎ ነኝ ትላቸዋለች። ከዚያ ጭምብላቸውን እንዲያወልቁ ታደርጋቸውና ወደ ላይ እንዲያዩ፣ እንዲያዩ ብቻ፣ ትነግራቸዋለች።

በሰኔ አጋማሽ አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንጓች መሰላሏን ዶቅማው ላይ አስደግፋ ወጣች። እርጥብ ጨርቋን ከመቀነቷ ስታወጣ ክንዷ ላይ ያለችው ማዘዣ ጮኸች።

«ጆሮ ዘጠና አንድ፦ ሦስት የዛጉ በሮች። ዘይት ይቀቡ።»

ደግማ አነበበችው። ሦስት። ሳቋ ከሆዷ መጣ፤ መሰላሉ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እንባዋን በዚያው በሸረሪት ጨርቅ ጠረገች። እናቲቱ ጉጉት አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻት፣ ከቁብ ሳትቆጥራት መልሳ ጨፈነችው። አንጓች ዘይቷን ከኪሷ አውጥታ እጇን ተቀባች፤ ጆሮውን ወልውላ ወረደችና ወደ ዘጠና ሁለት ሄደች።